የኪኩቦ ሞተሮች ድምፅ ለምን ይሻክራል?

በካምፓላው የጅምላ ገበያ ሙዚቃ ያስገጠሙ ሞተሮች ብዙ ናቸው፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚያወጡት ግን ጥቂት። ገንዘቡ የሚፈሰው ስፒከር ላይ ነው፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ቦታ።

ኪኩቦ ረፋድ ላይ መቆሚያ የለውም። በካምፓላ መሐል፣ ከአሮጌው የታክሲ መናኸሪያ ብዙም ሳይርቅ፣ በሉዉም ጎዳናና በናኪቩቦ መንገድ መካከል ያለው ይህ ጠባብ መተላለፊያ የኡጋንዳ ቸርቻሪ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ሩዙንና ዘይቱን የሚያነሳበት ነው። ከደቡብ ሱዳን፣ ከምሥራቅ ኮንጎና ከሩዋንዳ የሚመጣው ነጋዴም እዚሁ ይገበያል። ተሸካሚው ካርቶን በራሱ ላይ ቆልሎ መንገድ ልቀቁ እያለ ያልፋል። ሻጩ በሜጋፎን የቀዳውን ዋጋ ደጋግሞ ያስጮኻል። ሞተረኛው ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ጭነት ከኋላው አስሮ በሰዉ መካከል ይሽሎከለካል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እዚህ አይደናገርም።

በዚህ ሁሉ ጩኸት ላይ የሞተሮቹ ሙዚቃ ይጨመራል። አንዱ ከመሪው ሥር ሁለት ክብ ስፒከር አስሯል፤ ሌላው ከመቀመጫው ኋላ ሣጥን ገጥሟል። ቆም ብሎ ላዳመጠ ግን ከብዙዎቹ የሚወጣው ዘፈን ሳይሆን ፍርስራሹ ነው። ቤዙ የለም። የዘፋኙ ቃል አይለይም። ነዳጅ ሲሰጥ ዘፈኑ ውስጥ ፉጨት ይገባል፤ ፍሬን ሲያዝ ድምፁ ለአፍታ ይጠፋና ይመለሳል።

ሞተረኞቹን ለጠየቀ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ ስፒከሩ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ገንዘብ ሲገኝ ትልቅ ይገዛል። በአካባቢው ሕንፃዎች ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡትም በዚህ ይስማማሉ፤ ሥራቸው መሸጥ ነውና አይፈረድባቸውም። ከመለዋወጫ መደብሮቹ ሰፈር፣ ከኪሴካ ገበያ ወዲህ፣ በመንገድ ዳር የሚሠሩት ጠጋኞች ግን ሌላ ነገር ያደርጋሉ። ከመካከላቸው ጎበዙን የምትለዩት ስፒከሩን ባለመንካቱ ነው። መቀመጫውን አንሥቶ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያሳርፋል።

ጉዳዩ ለእኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ከፍተው ወይም በንግድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ በእነዚህ ሞተሮች ይጓጓዛሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ አግዳ በኋላ በፈቃድ ብቻ ብትፈቅድም፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በአዳማ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያንኑ የተሰነጠቀ ድምፅ ያውቀዋል። የባጃጁም ኤሌክትሪክ እንደ ሞተሩ ባለ 12 ቮልት ነው፤ በሽታቸውም አንድ ነው።

ከድንበር ብስክሌት የተነሣ ሥራ

ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሁለት ጎማ ታክሲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በኡጋንዳና በኬንያ ድንበር ላይ ባለችው ቡሲያ ነው። በሁለቱ ኬላዎች መካከል ያለውን መንገድ በእግሩ መሄድ ያቃተው ሰው በብስክሌት ተጭኖ ይሻገር ነበር። ብስክሌቱ ቀስ በቀስ ለሞተር ቦታ ለቀቀ። ዛሬ በካምፓላ ጎልተው የሚታዩት ከሕንድ የሚመጡት ቦክሰርና ቲቪኤስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ሴፍቦዳ የተባለ ድርጅት ደግሞ ሞተሩን ከስልክ ጋር አገናኘው። ሞተረኛው ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ላይ ነው፤ ቢሮውም ማረፊያውም እሷው ናት። ሙዚቃ ቢፈልግ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳንዩና ካፒታል የተባሉት የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች፣ በ1996 ደግሞ የቡጋንዳ መንግሥት ሲቢኤስ አየሩን ከያዙ ወዲህ ካምፓላ ያለ ሬዲዮ የምትውል ከተማ አይደለችም።

ሞተር ላይ ስቴሪዮ መግጠም በራሱ አዲስ አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1980 ጎልድ ዊንግ ኢንተርስቴት ለተባለው ሞተሩ ስቴሪዮ በአማራጭ አቅርቦ ነበር። ያ ሞተር ግን 1100 ሲሲ ገደማ ነው፤ ነፋስ የሚመልስ ሰፊ የፊት መከለያ አለው፣ የሚያመነጨውም ኤሌክትሪክ ብዙ ነው። የካምፓላዎቹ ባለ 100ና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች የተሠሩት ጭነት እንዲችሉና ነዳጅ እንዲቆጥቡ ነው። ኤሌክትሪክ አመንጪው ማግኔቶአቸው የታሰበው ለመብራት፣ ለጥሩምባና ለካንዴላ ነው። ስፒከር በእንግድነት የመጣ ነው፤ የችግሩም ሁሉ ምንጭ ይህ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት

ለሞተር የሚሸጡ አምፕሊፋየሮች ካርቶን ላይ 500፣ 1000፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ዋት ተጽፎ ይታያል። ይህ ቁጥር ገዢውን ከሚያሳስቱት ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው እላለሁ። ለማጣራት የሚያስፈልገው አንድ ማባዛት ብቻ ነው፦ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል። በ12 ቮልት 1000 ዋት ለማውጣት ከ80 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ያን ያህል ኃይል በአንድ ቀጭን የሞተር ሽቦ ቢያልፍ ሽቦው ቀልጦ ያልቃል። አምፕሊፋየሩ ራሱ የያዘው ፊውዝ 5 አምፔር ከሆነ፣ ከባትሪው የሚወስደው ከ60 ወይም ከ70 ዋት አያልፍም፤ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል። ቮልቴጅ የሚያሳድግ ክፍል የሌለው ተራ አምፕሊፋየር ደግሞ በ4 ኦም ስፒከር ላይ ድምፁ ሳይበላሽ የሚያወጣው በአንድ ቻናል ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም።

ከዚህ የባሰም አለ። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም። የዋት መጠን በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ይህ ጆሮ ልብ ሊለው የሚችለው ትንሽ ለውጥ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ያህል ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ20 ወደ 40 ዋት ለመሄድ የሳምንት ገቢውን የሚያወጣ ሞተረኛ በሚያገኘው ማዘኑ አይቀርም። ገዢው ካርቶኑ ላይ መፈለግ ያለበት አር ኤም ኤስ ተብሎ የሚጠቀሰውን፣ መሣሪያው ያለማቋረጥ የሚችለውን ዋት ነው። ያ ቁጥር ከሌለ ፊውዙን አይቶ ማባዛት።

«ካርቶኑ የፈለገውን ይበል፤ እውነቱን የሚናገረው ፊውዙ ነው።»

መጀመሪያ ባትሪው

ልምድ ያለው ጠጋኝ ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ይለካል። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ በግማሽ ወርዷል። ከ12 በታች ከሆነ ዘፈን ሊጫወትበት አይገባም። ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሣና ነዳጅ እየሰጠ ያያል፤ ቁጥሩ ወደ 13.5 ከፍ ብሎ እስከ 14.5 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ከፍ ካላለ ጥፋቱ ማግኔቶው ወይም ሬጉሌተሩ ጋ ነው። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ኃይሉን መግታት አቅቶታል ማለት ነውና ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፕሊፋየሩንም ይገድለዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ አዲስ ስፒከር መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

በኪኩቦ ዙሪያ ይህ ምርመራ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። በናኪቩቦ መንገድ መጨናነቅ ሞተሩ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ይንተከተካል። ትንሽ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ማግኔቶው የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ነው፤ መብራቱ፣ የስልክ ቻርጀሩና አምፕሊፋየሩ አብረው ሲስቡት ጎዶሎው ከባትሪው ይሞላል። 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 5 አምፔር ሲሳብበት በወረቀት ላይ እንኳ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ሞተረኞች ከሰዓት በኋላ ድምፁ ይደክማል የሚሉት ለዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቆሞ ሲንተከተክ የሚሻክረው ድምፅ ነዳጅ ሲሰጥ ከተስተካከለ፣ ችግሩ የኃይል እጥረት ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖም ኃይሉ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ሽቦ ቀጭን ነው፤ አንዳንዱም ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሽቦውን ሲልጡት ውስጡ ነጣ ካለ ወይም ሲፍቁት ቀይ ቀለሙ ከለቀቀ ያ ነው። ከዚያ ደግሞ ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አለ። በካምፓላ ዝናብና ቀይ አቧራ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ሳይቆይ ይዝጋል። በሽቦውና በመገጣጠሚያው ላይ ያለው እንቅፋት ከአንድ ኦም አንድ አምስተኛ ብቻ ቢሆን፣ 5 አምፔር ሲያልፍበት አንድ ሙሉ ቮልት ይበላል።

ጥበበኛው መለኪያ እንግዲህ ይህ ነው፦ ዘፈኑ ከፍ ብሎ እየተጫወተ ቮልቱን አንዴ ባትሪው ላይ፣ አንዴ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ መለካት። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ጥፋቱ ሽቦው ላይ ነው። ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ በሊድ የተበየደ መገጣጠሚያና ጥብቅ ያለ ቡሎን ከአዲስ ስፒከር ርካሽ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ሞተረኞች ስፒከሩ የተቀየረ እስኪመስላቸው የሚደነቁት።

ከነዳጁ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት

ሁለተኛው የተለመደ አቤቱታ ፉጨቱ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ እየቀጠነ ይወጣል፣ ሲለቀቅ ይወርዳል። ይህ ከኃይል መሙያው የሚመጣ ሁከት ነው፤ ማግኔቶው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ለስላሳ አይደለም፣ ሞገዱም ወደ ድምፁ መስመር መግቢያ ቀዳዳ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገባው በማሳ፣ ማለትም በኔጌቲቩ መስመር፣ በኩል ነው። የአምፕሊፋየሩ ማሳ አንድ ቦታ፣ የሬዲዮው ወይም የስልክ ቻርጀሩ ማሳ ሌላ ቦታ ታስሮ ሲገኝ በሁለቱ መካከል የሚፈሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ ጎልቶ ይሰማል። በተለይ ማሳው በቀለም በተቀባ ወይም በዛገ የሞተሩ አካል ላይ ከታሰረ ፉጨቱ የማይቀር ነው።

የሚፈተሸው በመንቀል ነው። ስልኩ ከሞተሩ ዩኤስቢ እየተሞላ በገመድ ዘፈን የሚያጫውት ከሆነ፣ ቻርጀሩን መንቀል፤ ፉጨቱ ከቆመ ምክንያቱ ተገኘ። ካልቆመ የድምፁን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ መንቀል፤ አሁን ከቆመ ሁከቱ የሚገባው በዚያ ገመድ ነው፣ ካልቆመ ደግሞ በኃይል መስመሩ። መድኃኒቱ የሁሉንም ማሳ በአንድ ቦታ፣ በቀጥታ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማሰርና የድምፁን ገመድ ከኃይሉ ሽቦ ማራቅ ነው። ማጣሪያ የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው።

ፉጨት ሳይሆን ከሞተሩ ምት ጋር ቲክ ቲክ የሚል፣ በተለይ ኤፍ ኤም ሲከፈት የሚብስ ድምፅ ካለ ግን ጠጋኙ ካንዴላውን ይመለከታል። ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ይህን የሚያፍን ተቃዋሚ (ሬዚስተር) ውስጡ ያለው ካንዴላ አለ፤ በኤንጂኬ ካንዴላዎች መለያ ቁጥር ውስጥ አር የሚለው ፊደል የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። የቀድሞው ሲያረጅ በርካሹ ተተክቶ ፊደሉ የጠፋበት ሞተር ሬዲዮው ይረበሻል፤ ባለቤቱ ግን ካንዴላ መቀየሩንና የሬዲዮውን መበላሸት አያያይዛቸውም። ርካሽ የኤልኢዲ መብራትና የስልክ ቻርጀርም ኤፍ ኤምን እንዲሁ ያውካሉ፤ አንድ በአንድ አጥፍቶ ማዳመጥ ነው።

ስፒከሩ ራሱ

እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ተራው የስፒከሩ ነው። ባለ 4 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ3 በላይ ጥቂት ያሳያል። ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተቃጥሏል። ሾጣጣውን ወረቀት በጣቶች ዙሪያውን እኩል ይዞ በቀስታ መግፋት ሌላው ፍተሻ ነው፤ የሚፋቅ ድምፅ ከተሰማ ኮይሉ ተጣሟል፣ አይድንም።

ሁለት ስፒከር የገጠመ ሞተር ቤዙ ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽቦ መገላበጥ ነው። የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለዚህ ባለ 1.5 ቮልት የድንጋይ ባትሪ ይበቃል። ለአፍታ ስፒከሩን ሲነኩት ሾጣጣው ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፖዘቲቭ ያረፈበት ጫፍ የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መዝለል አለባቸው። ይህ ዋጋ የማያስወጣ ጥገና ነው፤ ስንት ደህና ስፒከር በዚህ ምክንያት ብቻ እንደሚጣል ሳስብ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ሣጥኑ ይታያል። ስፒከር ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከኋላውም ድምፅ ያወጣል። ኋላው ካልታፈነ ሁለቱ ተገናኝተው ቤዙን ያጠፉታል፤ በብረት ማያያዣ ብቻ መሪ ላይ የታሰረ ስፒከር ስለዚህ ምን ቢጮህ ወፍራም ድምፅ አይኖረውም። ሣጥኑ ደህና ሆኖም ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሲንቀጠቀጥ ቡሎኖቹን ያላላቸዋል። የሚያንጫጫው ነገር አንዳንዴ ስፒከሩ ሳይሆን አጠገቡ ያለ ፕላስቲክ ነው፤ በእጅ ሲይዙት ዝም ካለ ራሱ ነው።

«ደካማ ባትሪ ላይ የተከፈተ ድምፅ ስፒከሩን እንደ ትልቅ አምፕሊፋየር ሊጎዳው ይችላል።»

ስፒከር የሚያቃጥለው ብዙ ዋት ብቻ ነው የሚለው እምነት በኪኩቦም በእኛም ዘንድ ሥር ሰዷል፤ ስህተት ነው። አምፕሊፋየሩ ኃይል አጥሮት እስከ መጨረሻው ሲከፈት የድምፁ ሞገድ አናቱ ይቆረጣል። የተቆረጠው ሞገድ ኮይሉን ያለ እረፍት ያግለዋል፤ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ትዊተር መጀመሪያ ይሄዳል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ዝቅ ማድረግ ለስፒከሩ ዕድሜ መስጠት ነው።

ዝናቡም አለ። ካምፓላ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እንደገና ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናቡ ይበረታል፣ የናኪቩቦ ቦይም ሞልቶ መንገዱን ያጥለቀልቃል። የወረቀት ሾጣጣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ቅርጹ አይመለስም። ለሞተር የፕላስቲክ ሾጣጣ ያለው፣ ፊቱ ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ ስፒከር ይሻላል።

ዘፈኑስ?

ይህ አጭር ነው። ያንኑ ዘፈን በጥሩ ማዳመጫ መስማት፤ እዚያም ከሻከረ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ሲጨመቅ የኖረ ፋይል በማንኛውም ስፒከር አይድንም። የስልኩን ድምፅ ከፍ፣ የአምፕሊፋየሩን መጠነኛ ማድረግ ይሻላል፤ ሁለቱንም እስከ ጥግ መክፈት መቆራረጥ ያመጣል። ብሉቱዝ የሚቆራረጥ ከሆነ ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ እንዳይሆን ይታይ፤ የሰው ሰውነት ያን ሞገድ ይጋርዳል።

ክፍት አየርና ጆሮ

ሁሉም ተስተካክሎ የሚቀር ነገር አለ፤ ሞተር ጣሪያ የለውም። ቤት ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ይመልሳል፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲኬድ ደግሞ በሄልሜቱ ዙሪያ የሚፈጠረው የነፋስ ጩኸት ከሞተሩ ድምፅ ይበልጣል፤ በመጀመሪያ የሚውጠውም ቤዙን ነው። እዚህ ላይ ጠጋኝ አይረዳም። ስፒከሩን ወደ ጋላቢው ጆሮ ማቅረብና ማዞር ከዋት ይልቅ ይጠቅማል፤ ከዚያ የሚቀረውን መቀበል ነው።

ሞተረኞች ግን ይህን ጉድለት በከፍታ ሊሞሉት ይሞክራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ አያሰጋም የሚለው የ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ከጠዋት እስከ ማታ ከስፒከር ጋር የሚውል ጆሮ ይህን ገደብ ቶሎ ያልፈዋል፤ የጠፋ የመስማት አቅም ደግሞ አይመለስም። ስለ ሞተሮቹ ሙዚቃ የተጠየቁ ተሳፋሪ ሴቶች የሚሰጡት መልስም ሊደመጥ ይገባል፦ የት እንደሚወርዱ ለመናገር መጮኽ ሰልችቷቸዋል፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና ጥሩምባ አለመሰማቱም ያስፈራቸዋል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጩኸት መመዘኛ ደንብ አላት፤ እኛም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን። በሁለቱም አገር ሕጉ ከጎዳናው ድምፅ በታች ነው የሚሰማው። ተሳፋሪ ሲጫን ድምፁን ዝቅ ማድረግ ግን ሕግ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ፊውዙ ይቅደም

ከዚህ ሁሉ ለነገ የማይባል አንድ ነገር አለ። በኪኩቦም ሆነ በእኛ ከተሞች ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥቶ ያለ ምንም ፊውዝ እስከ አምፕሊፋየሩ የሚዘልቅ ሽቦ አለ፤ ፊውዙ ሲቃጠል በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በመዳብ ክር የተተካም አለ። ሽቦው የሚያልፈው ከነዳጅ ታንከሩ ሥር ነው። ላስቲኩ ተፍቆ መዳቡ የሞተሩን ብረት በነካ ቅጽበት የሚያስቆመው ነገር ከሌለ ሽቦው ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ይነድዳል። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ፊውዝ ይህን አያድነውም፤ የሚጠብቀው ራሱን እንጂ ከፊቱ ያለውን ሽቦ አይደለም።

ሞተር ወይም ባጃጅ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዛሬውኑ መቀመጫውን አንሥታችሁ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሣውን ሽቦ በጣታችሁ ተከተሉት። በአንድ ስንዝር ውስጥ ፊውዝ ካላገኛችሁ ሽቦውን ንቀሉት፤ እስኪገጠምለት ድረስም ሙዚቃውን አትክፈቱ።